ገና ላልተጸነሰ ልጅ ዕዳው የማን ነው?

በመጽሐፈ መሳፍንት 13ኛ ምዕራፍ ስሟ ያልተጻፈ አንዲት ሴት አለች። ባሏ ማኑሄ ይባላል፤ ከዳን ወገን ነው። ሴቲቱ መካን ነበረች። አንድ ቀን መልአክ ተገልጦ ወንድ ልጅ እንደምትወልድ ያበሥራታል። ከብሥራቱ ጋር ግን ትእዛዝ አለ፤ ወይን እንዳትጠጣ፣ የሚያሰክር ነገር እንዳትቀምስ፣ ርኩስ የተባለ ምግብ ወደ አፏ እንዳታስጠጋ ይነግራታል። ልጁ ከማኅፀን ጀምሮ ለእግዚአብሔር የተለየ ይሆናልና። ያ ልጅ ሶምሶን ነው።

አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሶምሶን ፀጉርና ወደ ደሊላ ይቸኩላል እንጂ ቀኑን አያሰላም። መልአኩ ሲናገር ሴቲቱ ገና አልጸነሰችም። ጥንቃቄው ግን ከዚያው ቀን ይጀምራል፤ ገና ያልተፈጠረ ልጅ የእናቱን ማዕድ ለወጠ። ማኑሄ ይህን ሲሰማ መልአኩ ተመልሶ መጥቶ ለሚወለደው ልጅ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ለሁለቱም እንዲያስተምራቸው ጸለየ። ጸሎቱ ተሰማ፤ መልሱ ግን ያው የቀድሞው ሆነ። ለሴቲቱ የተነገረውን ሁሉ ሴቲቱ ትጠብቅ ተባለ። ለባል የተለየ ሥራ አልተሰጠውም።

ከዚህ ትረካ ሁለት ጥያቄዎች ይወጣሉ። ገና ለሌለ ሰው ግዴታ ሊኖርብን ይችላል ወይ? ካለብንስ ግዴታው የእናት ብቻ ነው ወይ? የሃያኛው መቶ ዘመን ሕክምና በራሱ መንገድ ተጉዞ እዚሁ ጥያቄ ላይ ደርሷል። ያደረሰውም ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ነው።

የሕፃን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ሲጀምሩ ጠፍጣፋ ንጣፍ ናቸው። ንጣፉ ጠርዝ ከጠርዝ ተጠቅልሎ ይገጥምና ቱቦ ይሆናል። ይህ የነርቭ ቱቦ ከጽንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ከላይ በኩል ሳይዘጋ ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል በአግባቡ አይሠሩም፤ እንዲህ ያለው ልጅ ሞቶ ይወለዳል፣ አለዚያም ከተወለደ በኋላ ብዙ አይቆይም። ከታች በኩል ሳይገጥም ከቀረ ስፓይና ባይፊዳ የሚባለው የጀርባ ክፍተት ይፈጠራል። ልጁ በሕይወት ሊያድግ ይችላል፤ ነገር ግን እግሮቹ ሊዝሉ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው፣ በጭንቅላቱ ውስጥም ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ሲደርስ የሴቲቱ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ድካም አዛብቶብኝ ይሆናል ብላ የምታልፈው ብዙ ናት። በኢትዮጵያ በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዳሳየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የእርግዝና ክትትል የጀመረችው ከአምስት እናቶች አንዷ ብቻ ነበረች። የቀሩት በአራተኛው፣ በአምስተኛው ወር፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ዘግይተው መጥተዋል፤ ጨርሶ ያልመጡም ነበሩ። ጤና ጣቢያ ደርሳ አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበትን ክኒን የተቀበለች እናት ከደም ማነስ ትጠበቅበታለች። ለነርቭ ቱቦው ግን ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ነው ሐኪሞች በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከመጸነስ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ይጀመር የሚሉት።

ችግሩ ለኢትዮጵያ የሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ከ10,000 ወሊድ ውስጥ 126፣ በትግራይ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ 131 እንዲህ ያሉ ጉዳቶችን መዝግቧል። የዓለም አማካይ ግምት ከ10,000 ከ20 ያነሰ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ቤተሰቡም ጎረቤቱም መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ተጽፏል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አይተው የኃጢአቱ ባለቤት እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታን ጠየቁ። ጌታም እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ጥያቄውን ራሱን ዘጋው። ነገር ግን ጥያቄው በመንደር አልተዘጋም። እርግማን ነው፣ ቁጣ ነው፣ የእናትየው የድሮ ጥፋት ነው የሚለው ሐሜት ዛሬም አለ፤ በዚህ የተነሣ ከሰው ዐይን ተሸሽገው ያደጉ ልጆችም አሉ። የቫይታሚኖች ታሪክ ከሃይማኖት ሰው ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሳይንሱ «ማን በደለ?» የሚለውን ጥያቄ «ምን ጎደለ?» ወደሚል ለውጦታል።

ለውጡ የጀመረው ሕንድ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ በ1928 ወደ ቦምቤይ የሄደችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል ነፍሰ ጡሮችን የሚገድል ብርቱ የደም ማነስ ምን እንደሚያመጣው ለማወቅ ነበር። ተላላፊ ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም። ምክንያቱን ያገኘችው በማዕዳቸው ነው፤ ድሆቹ ሴቶች የሚበሉት ምግብ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ያ ነገር በርካሽ በሚሸጠው ማርማይት በተባለ የእርሾ ጭማቂ ውስጥ እንዳለ በ1931 አሳተመች። ሳይንቲስቶች ያንኑ ንጥረ ነገር ከቆስጣ መሰል ቅጠል ለይተው ስም ያወጡለት ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ፎሌት ይህ ነው፤ ፎሊክ አሲድ ደግሞ በፋብሪካ የሚሠራው ዓይነቱ ነው።

ፎሊክ አሲድ የነርቭ ቱቦ ጉዳትን እንደሚከላከል ማረጋገጡ ሌላ የሥነ ምግባር ጭንቅ አመጣ። በእንግሊዝ ሊድስ የሚሠሩት የሕፃናት ሐኪም ሪቻርድ ስሚትልስ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ ለወለዱ እናቶች ቫይታሚን በመስጠት ሊሞክሩት ፈለጉ። ፍላጎታቸው ግማሾቹ ሴቶች እውነተኛውን፣ ግማሾቹ ባዶውን ክኒን በዕጣ እንዲወስዱ ነበር። የሆስፒታሎች የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ግን ሊጠቅም የሚችል ቫይታሚን ለአንዷ ሰጥቶ ሌላዋን በባዶ ክኒን መሸንገል ነውር ነው ብለው ከለከሉ። ስሚትልስ ያለ ዕጣ ሠርተው በ1980 ውጤቱን አሳተሙ፤ ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ተቺዎች ግን ክኒኑን የወሰዱት ሴቶች ድሮም ከሌሎቹ የተሻሉ ይሆናሉ ብለው ተጠራጠሩ። የጥርጣሬው ዘመን ከዐሥር ዓመት በላይ ዘለቀ። በመጨረሻ በሰባት አገሮች፣ በ33 ማዕከላት፣ በ1,817 ሴቶች ላይ በዕጣ የተካሄደው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት በ1991 ወጣ፤ ፎሊክ አሲድ ጉዳቱን በ72 በመቶ እንደሚቀንስ ስለታየ ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ቫይታሚኑ ማንም ሳይነግራቸው የጸነሱ እናቶች በየአገሩ ነበሩ። በጥቂት ሴቶች ላይ ላለመጨከን የተደረገው ውሳኔ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ የሌለ ብዙዎችን አስከፈለ። ኮሚቴዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ፊት ለፊታቸው የቆመችውን ሴት አይተው፣ ገና ያልተጸነሰውን አላዩም።

ያልተጸነሰውን ማየት ለፈላስፎችም ከባድ ሆኗል። በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ዴሬክ ፓርፊት በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ ሁለት የጤና መርሐ ግብሮችን አወዳድሯል። አንደኛው ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ ጽንሱን የሚያክም ነው። ሁለተኛው ገና ያልጸነሱትን መርምሮ፣ ጊዜያዊ ሕመም ያለባቸው ሴቶች እስኪያልፍላቸው ድረስ ጽንሱን ለጥቂት ወራት እንዲያቆዩት የሚመክር ነው። ሁለቱም የጉዳተኞችን ቁጥር እኩል ይቀንሳሉ እንበል። ልዩነቱ ሁለተኛው የሚያድነው የታወቀ ልጅ አለመኖሩ ነው፤ ጽንሱ ሲዘገይ የሚወለደው ሌላ ልጅ ነውና። ታዲያ የሚበደል ሰው ሳይኖር በደል አለ ሊባል ይችላል? ፓርፊት ሁለቱ መርሐ ግብሮች እኩል ዋጋ አላቸው ባይ ነበር፤ ከእሱ ጋር የተከራከሩት ግን ብዙ ናቸው።

ፎሊክ አሲድ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ክኒኑ የሚጀመረው ልጁ ሳይኖር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ልጁ ከመጣ በኋላ፣ በዚያው በራሱ ገላ ላይ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው የሐሳብ ልጅ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ቆሞ የሚሄድ፣ ስም ያለው ሰው ነው። ለማኑሄ ሚስት የተነገረው ትእዛዝም እንዲህ ያለ ነበር፤ ከመጸነሷ በፊት የሰማችው ነገር ከወለደች በኋላ ፊቱን ለምታየው ልጅ ነው። እንዲህ ሲታይ ገና ለሌለ ሰው ግዴታ የለብንም ማለት ያስቸግራል። ግዴታው አለ። ጭንቁ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

ምክንያቱም የግዴታው ቀን ከዕውቀቱ ቀን ቀድሟል። እርጉዝ መሆኗን ስታውቅ ጊዜው ያለፈባትን ሴት በቸልተኝነት መክሰስ አይቻልም፤ አታውቅማ። አስቀድሞ ማወቅ ነበረባት ቢባል ደግሞ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ጀምሮ እስከ አርባዎቹ ድረስ ያለች ሴት ሁሉ በየማለዳው ስለማታውቀው ልጅ ክኒን ትዋጥ ማለት ይሆናል። ለገጠሯ ሴት፣ ክኒኑ በአቅራቢያዋ ለማይገኝ፣ ቢገኝም እርጉዝ ሳትሆን «ለምን ፈለግሽው?» ለምትባል ሴት ይህ ዕዳ ከሜዳ ነው።

በዚህ ላይ ፎሊክ አሲድ ሁሉንም አይከላከልም። የዘር ውርስ፣ የስኳር በሽታ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ በሥርዓቱ ወስዳ የተጎዳ ልጅ የወለደች እናትም አለች። ሆኖም በማዋለጃው ክፍል «ክኒኑን ወስደሽ ነበር?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ የመጣው የጥንቱ «ማን በደለ?» ነው። ሳይንሱ ከኃጢአት ነፃ ያወጣት ሴት በቸልታ ተከስሳ እንደገና ትቆማለች።

የሃይማኖት ሕጎች ግን፣ ሰው እንደሚያስበው ሳይሆን፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ለእናቲቱ ርኅራኄ ያሳዩት ቀድመው ነው። ሚሽና በተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ዕለተ አስተሥርዮ በሚናገረው ክፍል፣ በዓመቱ ከባድ በሆነው ጾም ቀን እንኳ የምግብ ሽታ የሸተታት ነፍሰ ጡር ነፍሷ እስኪመለስ ትብላ ተብሏል። አምሮትን እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ አደጋ የቆጠረ ሕግ ነው፤ የኢትዮጵያ እናቶችም ያውቁታል።

በእስልምና ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለራሷም ሆነ ለልጇ ከፈራች በረመዷን መጾም አይጠበቅባትም። ሊቃውንቱ የተከራከሩት ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው፤ ክርክሩም ለፈላስፋ ጆሮ የሚጥም ነው። በሐነፊ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) የምትፈራው ለራሷም ይሁን ለልጇ፣ ያለፋትን ቀን በሌላ ጊዜ ቀዷ ታወጣለች፤ በዚህ ያበቃል። በኢትዮጵያ ብዙ ተከታይ ባለው የሻፊዒ መዝሀብና በሐንበሊው ደግሞ የፈራችው ለልጇ ብቻ ከሆነ ከቀዷው በላይ ለያንዳንዱ ቀን ድኻ የማብላት ፊድያ ይታከላል። ማሊኪዎቹ እርጉዟን ከምታጠባው ለይተው ፊድያውን በምታጠባዋ ላይ አድርገዋል። ሊቃውንቱ እዚህ ላይ የሚጠይቁት እናትና ጽንስ አንድ አካል ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውን ነው። ልጁ እንደ ራሷ አካል ከተቆጠረ እንደ ማንኛዋም በሽተኛ ናት፤ ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ብላ ጾሟን ፈትታለችና ሌላ ሥርዓት ይመጣል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ መከልከል ብቻ ሳይሆን ሰዓት መቆየትም አለ፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ብዙ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ በንስሐ አባት ምክር ጾሙ እንዲቀልላቸው ያስተምራሉ። ሆኖም ነፍሰ ጡሮች ከነፈቃዱ እንደሚጾሙ በተለያዩ አካባቢዎች የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ይህን አለማወቅ ብሎ ማለፍ ነገሩን ማቅለል ነው። እርግዝና ለብዙ ሴት የፍርሃት ጊዜ ነው፤ ጸሎት አብልጣ የምትሻበት ወቅት ነው። በዚያ ወቅት መንደሩ ሁሉ ሲጾም ብቻዋን ማዕድ ትቅረብ ማለት ከምትደገፍበት ማኅበር ለይቶ እንደማቆም ይሰማታል። ፈቃዱ ተሰጥቷታል፤ ብቻዋን እንድትጠቀምበት ግን ተትታለች። ባል፣ አማት፣ ጎረቤት «ብዪ፣ ለአንቺ ተፈቅዷል» ካላሏት፣ ንስሐ አባቷም ቤቷ መጥተው ካልነገሯት፣ ፈቃዱ በመጽሐፍ ላይ የተጻፈ ፈቃድ ሆኖ ይቀራል።

ጾሙ ራሱ የጉዳቱ ሁሉ ምንጭ እንዳይመስል ማረም ያሻል። የጾም ማዕድ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን አለው፤ እነዚህ ፎሌት አላቸው። ፎሌት ግን ውኃ የሚያሟሟው፣ ሙቀት የሚያጠፋው ነገር ነው፤ ወጡ ረዥም ሰዓት ሲንተከተክ ብዙው ይሄዳል። በሌላ በኩል ቫይታሚን ቢ12 ያለው በእንስሳት ተዋጽኦ ውስጥ ብቻ ስለሆነ የጾም ወራት ሲረዝም የሚሳሳው እሱ ነው። ከሥጋ የሚገኘው አይረን ከእህልና ከአትክልት ከሚገኘው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ ከምግብ በኋላ የሚጠጣው ቡናና ሻይ ደግሞ የእህሉን አይረን ይይዘዋል። በ2016ቱ ዳሰሳ ከነፍሰ ጡሮች 29 በመቶው ደም አንሷቸው ተገኝተዋል።

ታዲያ ክኒን ጾም ያፈርሳል? ጥያቄው ተራ አይደለም። ክኒን ያለ ውኃ አይወርድም፤ ለመቁረብ ያሰበች እናት ደግሞ ከምግብና ከውኃ ርቃ የምትቆይበት ሰዓት አላት። ተመሳሳይ ጭንቅ ከዚህ በፊት በከበደ መልኩ መጥቶ ነበር። የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበል ሲጠመቁ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው በማለት ክኒናቸውን ሲያቋርጡ፣ በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ በመሆናቸው አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አስተማሩ። ያ ቃል ከሐኪም ምክር ይልቅ ሩቅ ሄዷል። በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ሰዓቱን ከጾሙ ፍቺ ጋር ማስማማትም ይቻላል፤ ማታ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ማቅለሽለሹ ራሱ ይቀንሳል።

በስደት ላይ ያሉት እናቶች ጥያቄያቸው ሌላ ነው። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያለው የእርጉዝ ቫይታሚን አብዛኛው ለስላሳ እንክብል ነው፤ የእንክብሉ ሽፋን ጄላቲን ነው፤ ጄላቲኑ ከከብት ወይም ከዐሣማ ቆዳና አጥንት ይሠራል። የዐሣማ ሥጋ በሙስሊሙም፣ በኦርቶዶክሱም፣ በቤተ እስራኤሉም ዘንድ አይበላም። በጄላቲኑ ላይ ግን የእስልምና ሊቃውንት እንኳ አልተስማሙም። በ1986 በዐማን የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ ከዐሣማ የተገኘ ጄላቲንን ሲከለክል፣ በ1995 በኩዌት የተሰበሰቡ ሐኪሞችና የሕግ ሊቃውንት ደግሞ ነገሩ ተለውጦ ሌላ ንጥረ ነገር ስለሆነ ንጹሕ ነው ብለዋል። ክርክሩ ለሊቃውንት ይቆይ። ለእናቲቱ መውጫው ቅርብ ነው፤ በጠንካራ ክኒን መልክ የተሠራ ወይም ሐላል ተብሎ የታተመበት ፎሊክ አሲድ በዚያው መደርደሪያ ላይ ይገኛል።

ወደ ዕዳው ባለቤት እንመለስ። ግዴታው ከእናቲቱ ዕውቀት የሚቀድም ከሆነ፣ ከእናቲቱ በፊት የሚያውቅ አካል ሊሸከመው ይገባል። አሜሪካ በ1992 የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሁሉ ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ መከረች። ምክሩ ብቻውን ብዙ አላራመደም፤ ከእርግዝናዎቹ ግማሽ ያህሉ ሳይታቀዱ የሚመጡ ነበሩና። ስለዚህ በ1998 ፎሊክ አሲዱ በዱቄቱ ውስጥ እንዲጨመር በሕግ አዘዘች፤ በ100 ግራም 140 ማይክሮግራም። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ወደ 1,300 የሚጠጉ ልጆች ከጉዳቱ እንደሚድኑ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ገምቷል። የነዚህ ልጆች እናቶች ምንም አላደረጉም፤ ዳቦ በልተዋል።

ተቃዋሚው ክርክር ዋዛ አይደለም። አንዲት ሴት ለመውለድ ብላ መውሰድ ያለባትን ነገር የማይወልዱ ሽማግሌዎችና ወንዶች ለምን ይብሉት? ብዙ ፎሊክ አሲድ የቢ12 እጥረትን ምልክት ሊሸፍን፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ ነርቭ እስኪጎዳ ድረስ ሊደብቀው ይችላል የሚል ሥጋትም ነበር። ብሪታንያ ዋናውን ጥናት የመራች አገር ሆና ሳለች በዚህ ክርክር ሠላሳ ዓመት አሳልፋ ዱቄቱ እንዲበለጽግ ያወጣችው ደንብ ተግባራዊ የሚሆንበትን ጊዜ በ2026 መጨረሻ ላይ ቀጥራለች። መልሱ በመጠኑ ላይ ነው፤ በዱቄት ውስጥ የሚጨመረው ለዚህ ተብሎ በልክ የተሰፈረ ነው። ከመጠኑ በላይ ግን የጋራ ማዕድ ጉዳይ አለ። ማኑሄ «ለእሷ» ሳይሆን «ለእኛ» ብሎ የጠየቀውን ጥያቄ የዱቄቱ ሕግ ይመልስለታል፤ ባልም፣ አያትም፣ ጎረቤትም ለማያውቁት ልጅ ከሚበሉት ዳቦ ጋር ትንሽ ይሸከማሉ።

ሸክሙ ግን ሁሉም ማዕድ ላይ አልደረሰም። የአሜሪካው ሕግ የስንዴውን ዱቄት ሲያበለጽግ ማሳ የተባለውን የበቆሎ ዱቄት ትቶት ነበር። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ቶርቲያ የተባለውን ቂጣ የሚጋግሩት ከእሱ ነው፤ በእነዚህ እናቶች ዘንድም ጉዳቱ ከሌሎቹ ይበዛ ነበር። ለማሳ ዱቄት ፎሊክ አሲድ መጨመር የተፈቀደው በ2016 ነው፤ ያውም በፈቃደኝነት። ኢትዮጵያ በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ፣ የምግብ ዘይትም በቫይታሚን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቃለች። ጤፏን ራሷ አበጥራ፣ ሰፈር ወፍጮ ቤት አስፈጭታ እንጀራ የምትጋግር ሴት ግን ከፋብሪካው ዱቄት ምን ይደርሳታል? አዮዲን በየቤቱ የገባው በጨው በኩል ነው፤ ፎሊክ አሲድንም ከጨው ጋር ማድረስ ይቻል እንደሆነ በኢትዮጵያ የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉ። ድኻም ሀብታምም፣ ጿሚም ጾም ፈቺም የሚቀምሰው ጨው ነውና።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ልጁ ነው። የእናቲቱ ጉዳይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው።

በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው «ለልጅሽ ስትዪ» በሚል ይጀምራል። ምክሩ እውነት ነው፤ ልብም ይነካል። እናቲቱ ግን ማቅለሽለሹን፣ የሆድ ድርቀቱን፣ የሰገራዋን መጥቆር ችላ የምትውጥበት ምክንያት ልጁ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ሲወጣ ምክንያቱም አብሮ ይወጣል። እንዲያውም በእርግዝናው ጊዜ ክኒኑ ልጁን አግዝፎ ምጡን ያከብዳል ብላ የምትፈራ አለች። በ2016ቱ ዳሰሳ በእርግዝናቸው ወቅት አይረን ወስደናል ያሉት 42 በመቶ ሲሆኑ፣ የተመከረውን 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወሊድ በኋላማ ዕቃው ውስጥ የቀረው ክኒን አስታዋሽ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የእርጉዞች ደም ማነስ በተስፋፋባቸው አገሮች አይረን ብቻውን ወይም ከፎሊክ አሲድ ጋር ከወሊድ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት እንዲቀጥል ይመክራል።

ለማን ተብሎ? እዚህ ላይ የሰውነት ጠባይ አንድ አስገራሚ ነገር ይናገራል። በአዮዲንና በቢ12 የእናቲቱ እጥረት ወደ ጡት ወተቷ ያልፋል፤ ልጁን ይነካዋል። በአይረንና በፎሌት ግን እንዲያ አይደለም። እናቲቱ ራሷ ቢጎድልባት እንኳ ወተቷ ብዙም አይጎድልም፤ ገላዋ ከራሷ ተቀማጭ እየቀነሰ ለልጁ ይሞላል። ስለዚህ በአራስነት የሚወሰደው አይረን ከሁሉ በፊት የእናቲቱ ነው። ደም ፈሷታል፤ የፈሰሰውን ይተካላታል፤ መድከሟን ያቃልላታል። አማኑኤል ካንት ሰው ለሌላ ግብ መሣሪያ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ያስጠነቀቀው ማስጠንቀቂያ ለነዚህ የአራስነት ሳምንታት የተጻፈ ይመስላል። ዘጠኝ ወር «ለልጅሽ» ስትባል የቆየች ሴት፣ ለራሷ ብቻ የሆነ ክኒን ሲመጣ የሚያስታውሳት አለ ወይ?

ባህሉ እንዲያ አልነበረም። አራስ ቤት የገባች ሴት ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ፣ የዶሮው ሾርባ ይቀርብላታል፤ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። የምትታቀፈው፣ የምትጠገነው እሷ ናት። በ2016ቱ ዳሰሳ ከወለዱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ በባለሙያ የታዩት እናቶች 17 በመቶ መሆናቸው የሚያሳየው ጎረቤት የማይረሳትን ሴት የጤናው ሥርዓት ቶሎ እንደሚረሳት ነው።

ክኒኑ የሚቀጥልበት ጊዜ ግን ሰው የሚያገኛት ጊዜ ነው። የሕፃኑ ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ ሁለቱ በዚያው ከ6 እስከ 12 ባለው ሳምንት ውስጥ ይወድቃሉ። ለኦርቶዶክሷ እናት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ሁለቱም ቀናት እዚሁ ወሰን ውስጥ ወይም ጫፉ ላይ ናቸው። ያኔ ካህኑም፣ የክርስትና አባትና እናቱም፣ ባልም አማትም በአንድ ቦታ ይገኛሉ። ሙስሊሟ እናት ደግሞ ገና በሰባተኛው ቀን ስለ ልጁ ልደት ለሚታረደው ዐቂቃ ዘመድ ይሰበሰብላታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ካርድ ስትሞላ እናቲቱ ስንት ክኒን እንደቀራት ብትጠይቅ፣ ካህኑና ኢማሙም የምታጠባ ሴት ጾሟ እንደቀለለ በሰው ፊት ቢናገሩላት፣ አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። ባልም ቢሆን ማኑሄ የለመነውን ሥራ እዚህ ላይ ያገኛል፤ ክኒኑ ሲያልቅ ሌላ ማምጣት፣ ቡናውን ከምግቡ ማራቅ፣ በጾሙ ቀን ማዕዱን ራሱ ማቅረብ።